ከነቀዝም ከእኔም

እኔ የምለው፣ ኦቾሎኒ ለመብላት ጉልበት ያስፈልጋል እንዴ? ዱሮ ኦቾሎኒ በጣሳ ተሰፍሮ ኪስ ውስጥ ይገለበጥልን ነበር። ዛሬ በላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ጥጉ ላይ «ከዚህ ይቅደዱ» ይላል። እሺ ብዬ ከዚያ እስባለሁ። ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ይረዝማል፣ ይነጣል፤ አይቀደድም። በጥርስ እንዳልሞክረው የቀሩኝን ጥቂት ጥርሶች ለሥጋ ነው ያስቀመጥኳቸው። ቢላ ሳነሳ ደግሞ ምራቴ ከጓዳ «አባባ፣ እጅዎን! ይተዉት!» ትላለች። በመጨረሻ ድንገት ቧ ብሎ ይፈነዳና ኦቾሎኒው ሁሉ ሶፋ ሥር ይገባል። ተንበርክኬ እንዳልለቅም ጉልበቴ የት አለና!

ይህን ጉድ የሚሸጠው ደግሞ የገዛ የልጄ ልጅ ነው። ማሸጊያ የሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሯል። እሁድ እሁድ ይመጣና ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ይጀምራል፤ «አባባ፣ ተጣጣፊ ማሸጊያ እኮ የዘመኑ ነገር ነው። ከጠርሙስና ከቆርቆሮ ይቀላል። ባዶውን ተጠቅልሎ ስለሚጓጓዝ ቦታ አይፈጅም። ቢወድቅ አይሰበርም።»

«አቁማዳ ነዋ!» አልኩት። ሲሞላ አህያ ላይ ይጫናል፣ ባዶ ሲሆን ተጠቅልሎ ብብት ሥር ይያዛል። ስልቻስ ቢሆን? ፍየሉ ሆዱ ሳይሰነጠቅ ተገፎ፣ ቆዳው ለፍቶ፣ እህል ይያዝበት ነበር። ቢወድቅ አይሰበር፣ ቢረገጥ አይፈነዳ። አፉ የሚፈታው በጠፍር ነው፤ ማንም ሽማግሌ ይፈታዋል። «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ» ብዬ ተረትኩበት። አልገባውም። ቀልቀሎ አይቶ አያውቅማ!

ሲገባው ግን መልስ አላጣም። ቆዳው ይተነፍሳል፣ እርጥበት ይስባል፣ ነቀዝም ይገባዋል አለኝ። ከቦርሳው አንድ የቺፕስ ላስቲክ አውጥቶ ድርብርብ መሆኑን አስረዳኝ፦ ከላይ ሥዕሉ የሚታተምበት፣ መሐል ብርሃንና አየር የማያሳልፍ አልሙኒየም የተቀባ፣ ከውስጥ ደግሞ በሙቀት ቀልጦ የሚጣበቅ። ሁሉም ተደራርቦ ከጋዜጣ ወረቀት አይወፍርም። ጥሩ። «ታዲያ ግማሹ ለምን ባዶ ሆነ? አየር ነው እንዴ የምትሸጡልን?» ብለው «አየር አይደለም አባባ፣ ናይትሮጅን ነው» አለኝ። ለካ ኦክስጅን ዘይቱን ስለሚያበላሸው በናይትሮጅን ይተኩታል፤ መነፋቱም ድንቹ እንዳይደቅቅ ይጠብቀዋል። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን እኔም ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ደጄ ላይ በነፃ የማገኘውን ነው በላስቲክ የሞሉልኝ።

የዱሮ ባለሱቅ ስኳሩንም በርበሬውንም የሚጠቀልልልን በጋዜጣ ነበር። ንጹሕ አልነበረም፤ ቀለሙ ስኳሩ ላይ ይቀር ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ይነበብ ነበር! ግማሹን ወሬ ከስኳሩ ላይ አንብቤ፣ ቀሪው በጎረቤት ጨው ተጠቅልሎ ስለሄደ እስከ ዛሬ መጨረሻውን ያላወቅሁት ስንት ነገር አለ። አሁን ስኳሩ የታሸገበትን ሳነብ የማገኘው የፋብሪካውን ምስጋና ለራሱ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን የልጅ ልጄ አፌን አስያዘኝ። የወንድሜ ልጅ ጎጃም ገበሬ ነው፤ በቆሎውን ነቀዝ እየፈጨበት፣ መድኃኒት እየነሰነሰ፣ መድኃኒቱንም እየፈራ ነበር የሚኖረው። አሁን ሦስት ድርብ ከረጢት ገዝቷል፦ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ የማዳበሪያ ከረጢት። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ለአተር መሰል ጥራጥሬ ያወጡት ዘዴ ነው። የደረቀው እህል ይሞላል፣ አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ እየተነፈሰ ኦክስጅኑን ራሱ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ መብላቱን ያቆማል፣ መራባቱን ያቆማል፣ ይሞታል። ያለ አንዲት ጠብታ መርዝ! ገበሬው ደግሞ በመኸር እህል ሲረክስ ተጣድፎ ከመሸጥ ይድናል፤ ክረምት ሲወደድ ይፈታዋል። ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። አይጥ ግን ዩኒቨርሲቲ አትፈራም፤ ከረጢቱን ከበሳችው ነቀዙም ትንፋሹን ያገኛል፣ የደከሙበትም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህንን አክዬ ነገርኩት፤ የልጅ ልጄም ዝም አለ።

ቡናውን በተመለከተ አልተስማማንም። በእኛ ቤት ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይጠጣ ጠዋቱ አያልቅም፤ ማሸጊያ ምን ያደርግለታል? ዋሽንግተን ላለችው ልጄ ስልክ ግን በዚያች ክብ ቀዳዳ ባላት ከረጢት ነው የምልከው። የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ወዲያው ድፍን አድርገው ቢያሽጉት ያብጣል። ቀዳዳዋ ላይ ያለችው ቫልቭ ጋዙን ወደ ውጭ ታሳልፋለች፣ አየር ወደ ውስጥ አታስገባም። ከዚህ ሁሉ እኔ ያገኘሁት ጥቅም ሌላ ነው፤ ሱቅ ስገባ ከረጢቱን ጫን እያደረግሁ በቫልቩ አሸታለሁ። ሻጯ ትገላምጠኛለች። ለማሽተት ገና ዋጋ አልተለጠፈም፤ ምን ታደርገኛለች!

ቀልዱን ላቁምና፣ እጅ የነሳሁላት አንዲት ከረጢት አለች። 92 ግራም የምትመዝነው የፕላምፒናት ከረጢት። ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም አንድሬ ብሪያንድ እ.ኤ.አ. በ1996 አካባቢ ከአንድ የአገሩ አምራች ጋር ሆኖ ያወጣት ናት፤ ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቪታሚንና ማዕድን አለባት፤ 500 ኪሎ ካሎሪ ትሰጣለች። በዱቄት ወተት ጊዜ ንጹሕ ውኃ ያስፈልግ ነበር፤ ሕፃኑም መጠለያ ገብቶ መተኛት ነበረበት። የ77ን ድርቅ ያየ ሰው ያን ጊዜ ንጹሕ ውኃ ምን ማለት እንደነበር ያውቃል። ይህች ግን ውኃ አትሻም፣ ማቀዝቀዣ አትሻም፤ እናት እቤቷ ጥጓን ቀዳ ለልጇ ትሰጠዋለች። አገራችንም ውስጥ ይመረታል። እንግዲህ ለረኃብ ሲሆን የሚቀደድ ላስቲክ መሥራት ከቻሉ፣ ለእኔ ኦቾሎኒ ምን ከለከላቸው?

ስለ ቆሻሻው ብዙ አልልም፤ ሁሉም ይለዋል። የፌስታሉ ፈጣሪ ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የሚባል ስዊድናዊ ነው፤ የአሜሪካን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 513 ደግሞ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ገድቦ ነበር። ነበር ነው የምለው፤ ቦዩን ያየ ይፍረደኝ። እኔ የምመዝነው በቆራሌው ነው። ቆራሌው የተሰበረ ወንበር፣ የተቀደደ ጫማ፣ የውኃ ፕላስቲክ፣ ቆርቆሮ፣ ሁሉን ይገዛል። የቺፕስ ላስቲክ ስሰጠው ግን ስቆብኝ ሄደ። ምክንያቱን የልጅ ልጄ ራሱ ነገረኝ፤ ያ የሚኩራራበት ድርብርብ አንዱ ካንዱ ስለማይላቀቅ መልሶ ለመጠቀም አይመችም። ስልቻ ሲያረጅ ውሻ እንኳ ይወስደው ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቀኑ ነው። መጠቀሚያ ጊዜው የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ትንኝ በምታነበው ፊደል፣ በላስቲኩ መታጠፊያ ላይ ነው። 03/04 ሲል ወሩ የቱ፣ ቀኑ የቱ እንደሆነ ጻፊው ብቻ ነው የሚያውቀው። የዕድር ባልንጀራዬ በጥቅምት 2017 አንድ ካርቶን ብስኩት በርካሽ አገኘ። ጀርባው ላይ 2024 ስለሚል «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» እያለ ለቀስተኛውን ሁሉ አበላ። እግዜር ይስጠውና ማንም አልታመመም።

እናንት ባለፋብሪካዎች፣ ዕቃውን ከአየርም፣ ከብርሃንም፣ ከነቀዝም፣ ከእኔም ጠብቃችሁታል፤ እጃችሁ ይባረክ። አሁን ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓይኑ የደከመ ሰው በሚያየው ፊደል ጻፉልን። ቦታ የለንም እንዳትሉ፤ የላስቲኩን ግማሽ የያዘችው ጥርሷን ያገጠጠች ቆንጆ ትንሽ ጠጋ ትበል።