ጉዳዩ፦ በመተማ ስላልተገኙ ጥንታዊ ቤቶች

ለጉብኝት ብሮሹሩ አዘጋጅ ክፍል
ባላችሁበት

ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ «ጥንታዊ ቤቶችና መንገዶች በመተማ ዮሐንስ» የሚለውን ባለቀለም ወረቀታችሁን ይዤ ከጎንደር ቁልቁል ወረድኩ። ስለ ሙቀቱ አልከሳችሁም። መንገዱም ቃል በተገባው መሠረት አለ፤ ወርዶ ወርዶ ድልድዩን ሲሻገር ሱዳን ይሆናል። ያጣሁት ቤቶቹን ነው።

አስጎብኚያችሁ አንድ የቆርቆሮ ሱቅ አሳይቶ «ይሄ የጥንት ነው» አለኝ። «ከማን ዘመን?» ብለው ዞሮ ባለሱቁን ጠየቀ። ባለሱቁ የሽቶ ካርቶን እያራገፈ «እኔ አምና ነው የተከራየሁት» አለ።

ሳጣራው ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወርደው ደርቡሾችን፣ የሱዳኑን ማህዲ ተከታዮች፣ ሲወጉ ከተማዋን አቃጠሏት፤ ከቅርስ ባለሙያ ፈቃድ ስለማውጣታቸው ማስረጃ አልቀረበም። በጥቅምት 1933 ደግሞ ስሊም የተባለ የእንግሊዝ ብርጋዴር ከድልድዩ ማዶ ያለችውን ገላባትን ከጣሊያን ለማስለቀቅ በመድፍ መጣ፣ የጣሊያን አውሮፕላንም በቦምብ መለሰለት። መተማ ላይ ቤት እንዲያረጅ አይፈቀድለትም፤ ገና ጎረምሳ ሳለ ይቀጫል።

በመካከሉ መጋቢት 1881 አለ። አፄ ዮሐንስ ከእነዚያው ደርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚሁ በጥይት ቆስለው ሞቱ፤ አንገታቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ፤ ከተማዋ በስማቸው ቀረች። ብሮሹራችሁ ለዚህ አንድ መስመር፣ ለሆቴሉ መናፈሻ አራት መስመር ሰጥቷል። መናፈሻው ለፎቶ ይመቻላ!

ከሱቁ አለፍ ብሎ አንድ የሰሊጥ ደላላ ሹል ብረት ጆንያው ውስጥ ሰክቶ፣ ያወጣውን መዳፉ ላይ ዘርግቶ እፍ ይልበታል። ገለባው ሲበን ዓይኑን ጨፍኖ ዋጋ ይጠራል። አጠገቡ ጀበና የጣደችው ሴት ሱዳኖቹ እንደሚወዱት ቡናው ውስጥ ዝንጅብል ትጨምራለች። ነጋዴ ከጎንደር ሱዳን፣ ስናር ድረስ በሚመላለስበት ዘመን መተማን መተማ ያደረጋት ይኸው ገበያ ነው። ልቀመጥ ስል አስጎብኚያችሁ «ይሄ ፕሮግራም ውስጥ የለም» ብሎ በክንዴ ጎተተኝ።

በሚያዝያ 2015 ካርቱም ስትነድ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ቱርኩ ሳይቀር ሻንጣውን እየጎተተ በዚህችው መንገድ ገብቷል። «የውጭ ጎብኚ ፍሰት ጨምሯል» ተብሎ ሪፖርት እንዳልተደረገ ተስፋ አለኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም «ቤቶቹ ተቃጥለዋል፤ ገበያው ክፍት ነው» ተብሎ እንዲታረም፣ ይህ ካልተቻለ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጎጃሙ ንጉሥ፣ ስለ ቃጠሎው ማብራሪያ እንዲሰጡበት
ለሒሳብ ክፍል