ግማሽ ሩር

በሞጣና በአካባቢዋ የገና ጨዋታ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ክርክሩ ግን ዓመቱን ሙሉ ይከርማል። ሰው በፋሲካ ሲገናኝ፣ በክረምት ጠላ ቤት ሲቀመጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ “ገብታለች” “አልገባችም” ይባባላል። ያለፈው ገና ክርክር እስካሁን አልበረደም። እኔም እዚያው ሜዳ ላይ ስለነበርኩ፣ ማብረጃውም ያለ ስለሚመስለኝ ልጻፈው ብያለሁ።

የምሠራው ቢቸና ነው። ታኅሣሥ 28 ከሰዓት በኋላ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ። ደብረ ወርቅን በሰላም አለፍን፤ ጉንደ ወይንን እንዳለፍን ግን አውቶቡሱ ቆመ። ሾፌሩ ከሥሩ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ጣሪያው ላይ የታሰሩት በጎች ይጮሃሉ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለበዓሉ የገዙትን ዶሮ በነጠላቸው ሸፍነው አቅፈዋል። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እሳት ሊነድ ግድ ሆነ። በዚያ እሳት ዙሪያ ከዲማ ጊዮርጊስ የመጣ አንድ የቅኔ ተማሪ ነበር። ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ሞጣ የሚሄድ ነው። ስለ ገና ጨዋታ ሲነሣ የሩጫውንና የዱላውን ነገር ትቶ ማታ ስለሚገጠመው ግጥም ብቻ ያወራል። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም የሚዘልፍበት፣ ጌታ ነኝ ባዩ ሳይቀር ስድቡን ጠጥቶ የሚስቅበት፣ ከዚያም ከደጅ ደጅ እየዞሩ ጠላ የሚጠጡበት ሰዓት ነው እሱ የናፈቀው። “ያለ ግጥሙማ ዱላ ይዞ መሮጥ ብቻ ነው” አለኝ። ልክ ነው። ሌሊቱን እንዲህ ሲያጫውተን አደረ፤ አውቶቡሱ ተጠግኖ ሞጣ ስንደርስ ቅዳሴ አልቆ ሰዉ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ይመለስ ነበር።

አጎቴ የሰፈሩ የገና ዱላ ሠሪ ናቸው። ከጥቅምት ጀምሮ ገደል ለገደል እየዞሩ፣ በተፈጥሮው ቆልመም ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ይፈልጋሉ። ከቤተ ክርስቲያን ደን አይቆርጡም፤ ወይራው የበዛው ግን እዚያ ነው፤ ስለዚህ ሩቅ ይሄዳሉ። የተገኘውን ልጠው እሳት ያሳዩታል፤ ሲለሰልስ ጫፉን ጠምዝዘው በጠፍር ያስሩታል፤ እስኪደርቅ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። የጌታን ልደት የሰሙ እረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ የሚለውን ትውፊት አጎቴ እንደ ትናንት ታሪክ ነው የሚናገሩት። የጨዋታውን ኳስ፣ ሩሯንም፣ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ከወይራ ሥር ጠርበው፣ በሞረድ አሽተው፣ ቅቤ አጠጥተው። የዚህ ዓመቷ ግን ከእርጥብ ሥር የተጠረበች ነበረች። ዝናቡ ዘግይቶ ስለወጣ ሥሩ በጊዜው አልደረቀም።

ከሰዓት በኋላ ታች ሰፈርና ላይ ሰፈር ሜዳ ወረዱ። ጤፉ የታጨደበት ገለባማ መሬት ነው፤ ከሁለቱ ሰፈር የግብ መስመር በቀር ወሰን የለውም፤ የተጫዋች ቁጥር የለውም። የአሥር ዓመት ልጅም አለ፣ ጢሙ የሸበተም አለ። ሩሯ መሐል ጉድጓድ ውስጥ ተቀብራ የሁለቱ ሰፈር መሪ አባቶች ዱላ ለዱላ ገጥመው አወጧት፤ ከዚያ በኋላ አቧራና ጩኸት ብቻ ሆነ። እኔ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንዱ ዱላ ቅልጥሜን አገኘኝና ተቀመጥኩ፤ የቀረውን ሁሉ ያየሁት ግንድ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን አንዲት አክስት በሞቀ ጨርቅ እያሹልኝ ነው። ስለዚህ የሆነውን በደንብ አይቻለሁ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል የታች ሰፈር ልጅ ሩሯን ከአየር ላይ መታት። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም። ሩሯ ለሁለት ተሰነጠቀች። አንዱ ግማሽ የላይ ሰፈርን መስመር አልፎ ጎመን መደብ ውስጥ ወደቀ፤ ሌላው ግማሽ ከመስመሩ ወዲህ ቀረ።

ሽማግሌዎች ሜዳው ላይ ተቀመጡ። አንደኛው፣ “ሩር የምትባለው ሙሉ ስትሆን ነው፤ ስለዚህ ምንም አልገባም” አሉ። ሌላኛው፣ “በግ ቢታረድና ግማሹ ቤት ቢገባ ሥጋ አልገባም ሊባል ነው?” ብለው መለሱ። ሦስተኛው ትልቁ ግማሽ የትኛው እንደሆነ ይመዘን አሉ። ሌላ ሩር ፍለጋ የተላኩ ልጆች ሳይመለሱ ጨለመ። አሸናፊ ስለሌለ ግጥም አልተገጠመም፤ ማንም የማንንም ደጅ አልመታም። ያ የቅኔ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ወደ ዘመዶቹ ሄደ። የሁለቱ ሰፈር ወጣቶች በማግስቱ ገበያ ላይ ሰላም አልተባባሉም።

ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። አንድ ሩር ተሰነጠቀችና ዓመት ሙሉ ተኳረፍን፤ ምክንያቱም የሚመጣ እሑድ የለንም። ኳስ ተጫዋች ዛሬ ቢበደል በሳምንቱ ሌላ ጨዋታ አለው። የእኛ ገና ግን ወይ ታኅሣሥ 29 ነው ወይ የለም።

አየርላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት ሳቀችና ስለ ሀርሊንግ ታጫውተኝ ጀመር። ከአሽ ዛፍ የተሠራ፣ ጫፉ ሰፋ ያለ ዱላ ይዘው ትንሽ ኳስ ይመታሉ፤ የገናችን የቅርብ ዘመድ ነው። ጨዋታውን የሚመራው ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ ተጫዋቾቹ አሁንም ደመወዝ የላቸውም፤ ሰኞ ወደ ሥራቸው የሚመለሱ አስተማሪዎችና ገበሬዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። እኔን የገረመኝ ግን ትልቁ ዋንጫ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው ነው። በዚያው በ2018 ለሁለተኛው እርከን ቡድኖች የጆ ማክዶና ዋንጫ ተጀመረ። ስድስት ቡድን ነው፤ እያንዳንዱ ከሌላው ጋር አንድ ጊዜ ይገናኛል፤ ሁለቱ ቀዳሚዎች ለፍጻሜ ይደርሳሉ፤ የመጨረሻው ወደ ታች ይወርዳል። ጆ ማክዶና የጎልዌይ አውራጃ ተጫዋች ነበር፤ ጎልዌይ በ1980 ሻምፒዮን ስትሆን ሰገነት ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ ዘፈነ። ከጨዋታ በኋላ የምንዘፍነው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ሊሽ የተባለ አውራጃ ያንን ሁለተኛ ዋንጫ አነሣ። በሳምንቱ ከላይኛው እርከን የመጣችውን ደብሊንን፣ የአየርላንድን ዋና ከተማ፣ በሜዳው ገጥሞ አሸነፈ። በኋላ በቲፐራሪ ተሸንፎ ወጣ፤ ቲፐራሪም የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነች። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ፣ የሊሽ ሰው የሚያወራው ስለዚያች አንድ ሳምንት ነው። ለትንሹ ቡድን ደረጃ ከተሠራለት አንድ ቀን ይወጣበታል።

እኛም አገር ገና በባህል ስፖርቶች ውድድር ከገበጣ፣ ከትግል፣ ከኮርቦና ከፈረስ ጉግስ ጋር ይካተታል። ክልሎች ቡድን ይልካሉ። ግን ከሰፈር ሜዳና ከዚያ መድረክ መሐል ያለው እርከን የት ነው? ታች ሰፈር ላይ ሰፈርን ቢያሸንፍ ወደ የት ይሄዳል? ወደ ጠላ ቤት ብቻ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ስድስት ሰፈር አንድ አንድ ጊዜ ቢገናኝ አሥራ አምስት ጨዋታ ነው። በየእሑዱ ሦስት ጨዋታ ቢደረግ አምስት እሑድ ይበቃል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ቢያንስ ስድስት እሑድ አለው፤ አምስቱ ለጨዋታ፣ አንዱ ለቅሶ ቢገጥም ለመጠባበቂያ፤ ፍጻሜው ታኅሣሥ 29። እሑድ እርሻ አይገባም፤ በእሑድ ጾሙ ከፍስክ ምግብ መከልከል ብቻ እንጂ የሰዓት ገደብ ስለሌለው ተጫዋቹ ጠዋት በልቶ ይወጣል። ጾሙ ራሱ የውድድር ዘመን ተሠርቶለት የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

ይህን ለአጎቴ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ቆዩ።

“ጋሼ፣ ምን ይላሉ?”

“ግጥሙስ?” አሉኝ። “በየእሑዱ ይገጠማል ወይስ ለገና ይቆያል?”

“በየእሑዱ ቢሆን።”

“አይሆንም፤ ስድብ ሲበዛ ይለመዳል። በእሑዱ መጨባበጥ፣ ግጥሙ ለፍጻሜ። ሩርም ሁለት ሁለት ይዘጋጅ፤ አንዷ በጠፍር የተለበጠች። ከተሰነጠቀችም ጨዋታው ይደገማል እንጂ አይመዘንም።”

ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል። ነጥብ የሚጽፈውም ያ የቅኔ ተማሪ ነው፤ ለኅዳር እመጣለሁ ብሏል። ሞጣ ውስጥ አምስት ሰፈር ስም አስመዝግቧል፤ ስድስተኛው ጎድሏል። የቢቸና ልጆች የገና ዱላችሁን አንሥታችሁ የምትወጡ ከሆነ ማደሪያ አጎቴ ቤት አለ፤ የመኪናውን ኪራይ ሰፈሩ ያዋጣል። ከመስቀል በፊት ቁርጡን ንገሩን፤ ጨዋታው አሁን በኅዳር ስለሚጀመር ወይራው ከጥቅምት በፊት መታየት አለበት።