ዜውስ ቤት የለም፤ ግብዣ ሄዷል

አንተ ልጅ፣ ካርቱም ውስጥ አል-ሳሃፋ ሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት የጀመርነውን ክርክር በሚያዝያ 2015 የፈነዳው የካርቱም ጦርነት ቆረጠው እንጂ መልስ አጥቼ አልነበረም። ዛሬ ልመልስልህ።

የ«ጎድ ኦፍ ዋር 3» ጌም ጀግና ክራቶስ በግዙፏ ጋያ ጀርባ ተንጠልጥሎ የግሪክ አማልክትን ተራራ ኦሊምፐስን ሲወጣ እያየህ «ይሄ የአማልክት ከፍታ ነው፤ ሰው አይደርስበትም!» አልከኝ። በሜትር እንነጋገር። የኦሊምፐስ ጫፍ 2,917 ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ላይ ቁጭ ብላ ገበያዋን ትውላለች። እንጦጦ 3,200 ገደማ ነው፤ እናቶቻችን እዚያ ጭራሮ ተሸክመው ሲመላለሱ ኖረዋል። የአማልክቱ አለቃ ዜውስ እነሱን ለማየት ማንጋጠጥ ነበረበት!

«ቁመቱን ተወው፤ ቁም ነገሩ አማልክቱ መኖራቸው ነው» አልክ። ማን አለና? በግሪኮቹ ጥንታዊ ግጥም በ«ኢሊያድ» መጀመሪያ ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዷል፤ የሚመለሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ክራቶስ ያን ሰሞን ቢመጣ በር የሚከፍትለት አያገኝም ነበር።

እዚህ ላይ ሱዳናዊው ጎረቤታችን «የቱ ኢትዮጵያ?» ቢል እውነት አለው። ሄሮዶቱስ የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ ብሎ የጻፈው መርዌን ነው፤ መርዌ ደግሞ ያለችው ሱዳን ውስጥ፣ ከካርቱም በስተሰሜን ነው። ግብዣው የጋራችን ነው፤ አንሻማም።

አሁን ዋናውን ስማ። ከአል-ሳሃፋ ወደ ሰሜን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ብትሄድ፣ ካሪማ አጠገብ ጀበል ባርካል አለልህ። ቁመቱ መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ግን ግብፆችም ኩሾችም አሞን የተባለው አምላክ ውስጡ ይኖራል ይሉ ነበር። ግሪኮች አሞንን የሚጠሩት ዜውስ ብለው ነው። የኩሽ ነገሥታት ዘውድ የሚደፉት ከሥሩ ነበር። ከተራራው ፊት 75 ሜትር የሚሆን፣ እባብ የሚመስል የድንጋይ ዓምድ ለብቻው ቆሟል። የኩሹ ንጉሥ ታሃርቃ በዓምዱ ጫፍ ላይ ጽሑፍ አስቀርጾ በወርቅ አስለበጠው። እስቲ አስበው፤ ሠራተኞቹ መዶሻና ወርቅ ይዘው ያን ገደል ወጡት! የክራቶስ ጡንቻ የሰዓሊ ሥራ ነው፤ የእነሱ እጅ ግን እውነተኛ ነበር። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2003 ቦታውን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

«ታዲያ ለምን ጌም አልተሠራለትም?» ትለኝ ይሆናል።

አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ቴክኖሎጂስ ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮን «ኩኩሉ» ብሎ ጌም አድርጓታል። ለዶሮ የተገኘ ጌም ለታሃርቃ አይጠፋም። ኮድ መጻፍ የምትችል አንተ፤ ጣትህ ሌት ተቀን የሚሠራው ለክራቶስ!