የሎክ ፋይሉ ነገር

የቶክን መለዋወጫ አፕ ፍሮንት ኤንድ ቀላል ሥራ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ቁልፍ፣ የቁጥር ሣጥን፣ የዋጋ መስመር፤ የቀረውን ስማርት ኮንትራቱ ይጨርሰዋል ይላሉ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሆነን፣ ከአንዲት ወጣት ባልደረባዬ ጋር ለውጭ አገር ደንበኛ እንዲህ ያለ ሥራ ጀመርን። ገና ሪፖዚተሪውን ስናሰናዳ ያጋጠመንን ላውጋችሁ።

ደንበኛው በየፊናቸው ያደጉ ሦስት አፖች ነበሩት። ሦስቱንም በአንድ ሪፖዚተሪ ሰብስበን፣ ዋሌት ማገናኛውንና የገንዘብ መጠን ማሳያውን የጋራ እንድናደርግላቸው ፈለጉ። በሪአክትና በታይፕስክሪፕት የተሰናዳ መነሻ ኮድም ላኩልን። እሷ ፓኬጆቹን አውርዳ ጨረሰች፤ የእኔ ገና እየወረደ ሳለ መብራት ጠፋ። ሲመለስም ኢንተርኔቱ አልተመለሰም። በማግስቱ እንደገና አወረድኩና አፑን ስከፍተው ነጭ ገጽ ብቻ ወጣ። የእሷ ኮምፒውተር ላይ ግን ያው ኮድ ያለ እንከን ይሠራል።

ጠዋቱን ሙሉ ፈለግን። ነገሩ የተገኘው መነሻ ኮዱ ውስጥ ነው፤ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ቨርዥን መዝግቦ የሚይዘው ሎክ ፋይል ጊት ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የፓኬጆቹ ቨርዥን ቁጥሮች ደግሞ በሙሉ ከፊታቸው ^ የምትባለው ሹል ምልክት አለች። ምልክቷ ከ2.1.0 ፊት ስትቀመጥ፣ 3 እስካልደረሰ ድረስ ከዚያ ወዲህ የወጣ ማንኛውም ቨርዥን ይግባ ማለት ናት። እሷ ባወረደችበትና እኔ ባወረድኩበት መካከል፣ የማናውቀው ሰው የሆነ ቦታ አዲስ ቨርዥን አውጥቷል።

«ጋሼ፣ እኛ አንድ ፊደል ሳንነካ ኮዳችን ተቀየረ ማለት እኮ ነው» አለችኝ።

የዜና ገጽ ቢሆን ኖሮ ነጭ ገጽ ማየት ብቻ ነበር ጉዳቱ። እዚህ ግን የሰው ገንዘብ ያልፋል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 2023 ሌጀር በተባለው የዋሌት ኩባንያ ላይ የደረሰውን አስታወስኳት። አንድ የቀድሞ ሠራተኛ በማታለያ መልእክት፣ ኤንፒኤም በተባለው የፓኬጅ ማከማቻ ያለውን መግቢያ ተሰረቀ፤ ሌቦቹም ኮኔክት ኪት በተባለው ፓኬጅ ውስጥ ኮዳቸውን ጨምረው 1.1.5፣ 1.1.6 እና 1.1.7 ቨርዥኖችን አወጡ። ብሎክቼይኑ፣ ማለትም ሰንሰለቱ፣ አልተነካም፤ የሌጀር መሣሪያዎችም አልተሰበሩም። ሰዎች በየቀኑ በሚያምኗቸው አፖች ውስጥ ግን የሌባ ፈቃድ መጠየቂያ ብቅ አለ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ወደ 600,000 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሄደ። ከሁሉ የሚከፋው፣ ብዙዎቹ አፖች ያንን ኪት የሚያመጡት ገጹ በተከፈተ ቅጽበት በቀጥታ ከኢንተርኔት ነበር። ስለዚህ ሎክ ፋይላቸውን በጥንቃቄ የያዙትም አልዳኑም።

ባይቢት በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ላይ የደረሰው ከዚህም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ኢተር ወጣ። ፈራሚዎቹ የተለመደ ዝውውር ነው ብለው ያጸደቁት፣ ሴፍ የተባለው የዋሌት አገልግሎት ገጽ እንዲያ ብሎ ስላሳያቸው ነው። የሴፍ አንድ ፕሮግራመር ኮምፒውተር ተጠልፎ፣ በዚያ በኩል የገጹ ጃቫስክሪፕት ተቀይሮ ነበር። ኮንትራቱ ላይ እንከን አልተገኘም። ፍሮንት ኤንድ ቀላል ነው ለሚሉኝ የምነግራቸው ይኼንኑ ነው፤ የሚፈርመው ሰው የሚያየው ሰንሰለቱን ሳይሆን እኛ የሠራነውን ገጽ ነው።

ሎክ ፋይሉን መልሰን ወደ መሞከሪያው ስንዞር ሌላ ጣጣ ጠበቀን። ሴፖሊያ በተባለው የኢቴሪየም መሞከሪያ ኔትወርክ ላይ ለመሥራት ዋጋ የሌለው የሙከራ ኢተር ያስፈልጋል። በነፃ የሚሰጥ ብለን ያገኘነው ገጽ ግን ሮቦቶችን ለመከላከል፣ ዋሌታችሁ ውስጥ ትንሽ እውነተኛ ኢተር ይኑር አለን። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ ገዝተን ልንገባበት አልፈለግንም። የደንበኛው መሐንዲስ ከራሱ የሙከራ ዋሌት እስኪልክልን ድረስ እጃችንን አጣጥፈን ጠበቅን።

መጠበቁ ግን ጠቀመን፤ ባልደረባዬ በዚያ መሐል የቁጥሮቹን ኮድ ማንበብ ጀመረች። አንድ ኢተር በትንሿ መለኪያው በዌይ ሲቆጠር ከ1 ቀጥሎ 18 ዜሮ ነው። የጃቫስክሪፕት ተራ ቁጥር ደግሞ ከ9,007,199,254,740,991 በላይ ሲሄድ ሳይናገር ያዛባል። ዩኤስዲሲ የተባለው የዶላር ቶክን ከነጥብ በኋላ የሚቆጠረው በ6 አሃዝ ነው፤ ከሦስቱ አፖች አንዱ ግን ሁሉንም ቶክን በ18 ያሰላል። 5 ዩኤስዲሲ ያለው ሰው 0.000000000005 ያያል። ይኼ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ተቃራኒው ነው። ሰውየው 5 ብሎ ሲጽፍ፣ ገጹ የ5 ትሪሊዮን ዩኤስዲሲ ፈቃድ ይጠይቅለታል። ከፈረመ፣ ያለውን ዩኤስዲሲ ሁሉ ኮንትራቱ ማውጣት እንዲችል ፈቀደ ማለት ነው። ስሌቱን በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አስገባን፤ ትልልቅ ሙሉ ቁጥሮችን ሳያዛባ በሚይዘው ቢግኢንት ብቻ ይሠራል፤ የአሃዙን ብዛትም ከራሱ ከቶክኑ ኮንትራት ይጠይቃል።

አሁን ሹሏ ምልክት ከየትኛውም ቁጥር ፊት የለችም፤ ገጹ ሲከፈት ከውጭ የሚመጣ ስክሪፕትም የለም። አዲስ ቨርዥን፣ የደኅንነት ጥገና ካልሆነ በቀር፣ ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው አይገባም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የግል ቁልፍ የሚሰርቁት የሶላና ፓኬጅ ቨርዥኖች በሰዓታት ውስጥ ነበር የተነቃባቸው፤ ሳምንት የጠበቀ ሰው አይነካም ነበር።

ፊርማ የሚጠየቅበትን ፎልደር የሚነካ ለውጥ ሁለታችንም ሳናነበው እንዳይገባ ያለችው እሷ ናት። ደንበኛው ይኼን አልወደደውም። ፓኬጆቹን ማታ ማታ የሚያድስ ቦት ይግባና ጊዜ እንቆጥብ የሚል መልእክት ላከ። እኔ ለስለስ ያለ መልስ ሳዘጋጅ እሷ ቀደመችኝ፤ የሌጀርን ታሪክ በሦስት መስመር ጽፋ፣ ቦቱ ሐሳብ ያቅርብ እንጂ እጁ ወደ ዋናው ኮድ አይደርስም አለቻቸው። መልሳቸው እስካሁን አልመጣም።