ሙሽራዋ የቀረችበት ሠርግ

ላስ ቬጋስ ውስጥ የቴክኖሎጂ ኤግዚቢሽን መቀዝቀዙን ከሁሉ ቀድመው የሚያውቁት ታክሲ ነጂዎች ናቸው። ከነሱ መካከል ደግሞ ሐበሻው ብዙ ነው፤ አንዱ አጎቴ ናቸው። ስለ ኮምፒውተር ደንታ የላቸውም። ዘርፉ እንዴት ሰነበተ ካላችኋቸው ግን የአየር ማረፊያውን ወረፋ አይተው ቁርጡን ይነግሯችኋል።

«በኮምዴክስ ጊዜ እኮ ሰዉ ሻንጣውን ታቅፎ ይለምነን ነበር» ይላሉ። «አሁን ለማኞቹ እኛ ሆንን።» የጥፋቱን ግማሽ በኡበር ያላክካሉ። ሌላውን ግማሽ ከ2021 ጀምሮ የኤግዚቢሽን እንግዳ ከመሬት በታች በቴስላ ለሚያመላልሰው ዋሻ ይሰጡታል። የቀረው የኤግዚቢሽኑ ጥፋት ነው።

ኮምዴክስ የተባለውን የኮምፒውተር ኤግዚቢሽን የመሠረተው ሼልደን አደልሰን አባቱ ቦስተን ውስጥ ታክሲ ነጂ ነበሩና አጎቴ የሚያወሩለት የሥጋ ዘመድ ያህል ነው። ሰውየው በ1979 በጥቂት ሺህ ጎብኚ ጀመረው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ከ200,000 በላይ ሰው ከተማዋን ያጥለቀልቃት ነበር። አደልሰን ግን ያን ጊዜ ባለቤቱ አልነበረም። ኤግዚቢሽኑን በ1995 ለጃፓኑ ሶፍትባንክ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጦታል። ከዚያ ቬኒሺያን የሚባለውን ሆቴል ሠርቶ፣ ከጣራ በታች ቦይ አስገብቶ ሰዉን በጀልባ ማንሸራሸር ጀመረ። ኮምዴክስ 2003 ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተካሄደና በዚያው ቀረ።

«የታክሲ ነጂ ልጅ የት መውረድ እንዳለበት ያውቃል» ይላሉ አጎቴ።

ኤግዚቢሽን የቀዘቀዘው፣ የሚያሳየው ነገር ያለው ሰው አዳራሽ መከራየት እንደማያስፈልገው የባነነ ዕለት ነው። ጥር 2007 ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዓለም ሲኢኤስ ለተባለው ኤግዚቢሽን ላስ ቬጋስ ከትቶ ሳለ፣ የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ ሳን ፍራንሲስኮ ማክወርልድ በተባለ ሌላ ኤግዚቢሽን መድረክ ላይ አይፎንን ከኪሱ አወጣ። ቬጋስ ያለው ሰው ያን ሁሉ ቴሌቪዥን ተደርድሮለት የሚያወራው እዚያ ስለሌለ ስልክ ሆነ። ሠርጉ ቬጋስ፣ ሙሽራዋ ሳን ፍራንሲስኮ! ከሁለት ዓመት በኋላ አፕል ማክወርልድንም በቃኝ አለ። ኒንቴንዶ ከ2011 ጀምሮ ወሬውን በቪዲዮ በቀጥታ ለደንበኞቹ ያደርስ ጀመር፤ ሶኒ 2019 ላይ ከጌሙ ኤግዚቢሽን ከኢ-ስሪ ቀረ፤ በ2023 መጨረሻ ኢ-ስሪ ራሱ እስከ ወዲያኛው ተዘጋ። ጀርመን ሃኖቨር ላይ በ2001 ከ800,000 በላይ ሰው የጎበኘው ሴቢት በ2018 የመጣለት 120,000 ገደማ ነበርና ያን ዓመት አበቃለት። ሙሽራዋ ስትቀር ሚዜ ብቻውን እስከ መቼ ይጨፍራል?

ሲኢኤስ ግን አለ። በ1967 ኒው ዮርክ የተወለደው ይህ ኤግዚቢሽን በ2020 ከ170,000 በላይ፣ በ2025 ደግሞ ከ140,000 በላይ ሰው ስቧል። ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም። ገብቶ ማየት ግን ይቻላል።

ወደ አንዱ ቡዝ ጠጋ ስትሉ የምትቀበላችሁ ልጅ ፈገግ ትልና ዓይኗን ደረታችሁ ላይ ታሳርፋለች። ባጃችሁን እያነበበች ነው። ገዢ አለመሆናችሁን ስትረዳ ፈገግታው ወደ መጣበት ይመለሳል። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ ካልተሳሳመ ሰላምታ ያልደረሰው ለሚመስለው ለኛ ሰው ይህ ከባድ ነው። እስክሪብቶ ልውሰድ ካላችሁም ባጁን ስካን ታደርገዋለች። የእስክሪብቶው ቀለም ፋሲካ ሳይደርስ ያልቃል፤ የሚልኩላችሁ ኢሜይል ግን ማለቂያ የለውም።

ፍሪጅ ደግሞ አይጠፋም። ውስጡ ካሜራ ተገጥሞለታል፤ ሱቅ ቆማችሁ ቤት ያለውንና የሌለውን በስልካችሁ ይነግራችኋል። አስረጂውን ጠየቅኩት፦

«በአይስክሬም ዕቃ በርበሬ ካስቀመጥኩስ?»

«አይስክሬም ነው ይላል።»

«በእርጎ ዕቃ ቅቤ ቢኖርስ?»

«እርጎ።»

ሐበሻ ቤት ይህ ፍሪጅ ከልጆቻችን ብሶ ይሞኛል ማለት ነው። እነሱ እንኳ አንዴ በማንኪያ ዝቀው፣ አልቅሰው ተምረዋል።

ቴክኖሎጂው በድግሱ መሀል ጌታውን የሚያዋርድበትም ጊዜ አለ። በ2018 ኤልጂ ክሎይ የተባለች ሮቦቱን መድረክ ላይ አቀረበ። የኩባንያው ሰው ስለ ማብሰል ቢጠይቃት ዓይኗን ስታርገበግብ ቆይታ ጭጭ አለች። በኤግዚቢሽኑ ሁለተኛ ቀን ደግሞ የዝናብ እርጥበት ትራንስፎርመር ነካና የዋናው አዳራሽ መብራት ሄደ፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ጨለማ ሆነ። በረሃ ላይ፣ በዝናብ፣ የዓለም ታላቁ የኤሌክትሮኒክስ ኤግዚቢሽን! ሀገር ቤት ያደገ ሰው በዚህ አይደነግጥም፤ ሻማ የት እንዳለ ነው የሚጠይቀው። አጎቴ ግን ያን ዕለት በፍቅር ያስታውሱታል፤ ከጨለማው የወጣው ሰው ታክሲ ፈልጎ ነበርና።

በ2021 ደግሞ በወረርሽኙ ሰበብ ሲኢኤስ ጠቅላላው በኢንተርኔት ሆነ። ዕቃው ሁሉ ታየ። «እዚያ ያገኘሁት ሰው» ብሎ ወሬ የጀመረልኝ ግን እስከ ዛሬ የለም። ሰዉ አህጉር አቋርጦ የሚመጣው ለቡዙ መብራት ሳይሆን በቡና ሰዓት ከጎኑ ለሚቆመው ሰው ነው።

እንግዲህ አዘጋጆቹ ባይጠይቁኝም ልምከራቸው። ቴሌቪዥኑን ቀንሱ፣ ወንበር ጨምሩ። ዕቃውን ስልካችን ላይ አይተነዋል፤ ያጣነው ተቀምጦ የሚያወሩበት ቦታ ነው።

ቀኑንም አዛውሩልን። ሲኢኤስ የሚውለው በኛ ገና ሰሞን ነው፤ በ2020 እና በ2025 እንዲያውም የተከፈተው በገና ዕለት። አጎቴ ጾሙ ተፈትቶ፣ ዶሮ ወጡ ቤት እየጠበቃቸው መሪ ጨብጠው ይውላሉ። በአንዱ ገና ከኋላ የተቀመጠ እንግዳ፣ ማንም ሳይነካው ምግብ ስለሚያበስል ምድጃ ሆቴሉ እስኪደርስ ሲሰብክላቸው ቆየ።

«ጎበዝ» አሉት አጎቴ፤ «ዶሮስ አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ ያወጣል?»

ሰውየው ጥቂት አሰበና «ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል» አላቸው።