ስለ ገበታ ለየኔታ የቀረበ አቤቱታ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴና መምህሬ ለየኔታ፤ ጥሊሊ።

እኔ የሰማይና የምድር ፈጣሪ ክብር ምስጋና ይድረሰውና፣ ከአገርና ከዘመድ ናፍቆት በቀር፣ ደግሞም ከዚህ በታች በዝርዝር ከማመለክተው አንድ ነገር በቀር፣ ደኅና ነኝ። ዛሬ የጽዮን ማርያም በዓል በመሆኑ ቅዳሴ አስቀድሼ ከተመለስሁ በኋላ ይህን ስጽፍልዎ፣ ነገሬ ቢረዝም የጭንቀቴ ብዛት መሆኑን ተረድተው በአባትነትዎ ይታገሡኝ።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለከተራ ጥሊሊ እገባለሁ። ጥምቀትንና ቃና ዘገሊላን ከእናንተ ጋር አክብሬ፣ ጥር 23 ቀን ደግሞ ወደ እንጅባራ ወጥቼ፣ በ1932 ዓ.ም. የቆመው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር 80ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለማየት፣ ከዚያም የነነዌን ጾም ጾሜ ለመመለስ አስቤአለሁ። ለዚያ በዓል የሚዘጋጅ ፈረስ በሩጫ እንዳይከብድ ገብሱ በልክ ይሰፈርለታል፤ ከባሕር ማዶ ለሚመጣ የእኅት ልጅ ግን ልክ የሚሰፍርለት ሰው በመላው ወረዳችን አይገኝምና፣ አቤቱታዬ ስለዚሁ ነው።

ሐኪሜ ስኳር የሚሉት ደዌ እንዳለብኝ ነግራኝ ኪኒንና ሥርዐተ መብል ካዘዘችልኝ ወዲህ፣ በየሦስት ወሩ «ኤዋንሲ» በሚባል ምርመራ ደሜን ታያለች። ስኳር ከቀይ የደም ሕዋስ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ሕዋሱም እስከ 120 ቀን ድረስ ስለሚኖር፣ ይህ ምርመራ የዕለቱን ብቻ ሳይሆን ያለፈውን የሦስት ወር መብል በአማካይ የሚገልጥ ነው። ሰው ለነፍስ አባቱ ሲናዘዝ የዘነጋውን ዘነጋሁ ቢል ይቅር ይባልለታል፤ ይህ ምርመራ ግን መዘንጋት የሌለበት መዝገብ ስለሆነ፣ ቁጥሬ ከ7 በመቶ በታች እንዲሆን ለታዘዝሁት ለእኔ የጥርን ድግስ በመጋቢት መሸሸግ የማይሞከር ነገር ነው።

ለዕረፍት ወደ አገሬ እሄዳለሁ ብላት፣ በዕረፍትም ቢሆን የሰሐንህን ሥርዐት አትርሳ አለችኝ። ሥርዐቱም ወርዱ 23 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ ሰሐን እኩሌታውን አትክልት፣ ሩቡን ሥጋ ወይም ዓሣ ወይም ጥራጥሬ፣ የቀረውን ሩብ እንጀራ ወይም ዳቦ እንዲይዘው ያዝዛል። ይህን የደነገጉት ሊቃውንት መሶብ አይተው እንደማያውቁ ግልጥ ነው። ሰባት ሰው በከበበው መሶብ ላይ የእኔ እኩሌታ ከየት ጀምሮ የት ላይ ያበቃል? ድንበሩን በልቡናዬ ባሠምረውም እንኳ፣ ከወሰኔ ውጭ የነበረ የዶሮ ብልት በአክስቴ እጅ ድንበር ተሻግሮ አፌ ይገባል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሁለተኛውን ስቀበል ያየች ሌላይቱ አክስቴ ደግሞ «በሞቴ!» ትላለች። ሐኪሜ ብዙ ነገር መክራኛለች፤ በሞቷ ግን አላስማለችኝም፤ ስለዚህ በገበታ ላይ ሁለቱ ቃላት ሲጋጩ ማንኛው እንደሚረታ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ስለ መጠጥም ሐኪሞቹ ወንድ ልጅ በቀን ከሁለት አይለፍ የሚል ደንብ አላቸው። እኔ ከአንድ እንኳ እንደማላልፍ እርግጠኛ ነኝ፤ በጥሊሊ የጠላ ዋንጫ እስኪጎድል ሳይጠበቅ ስለሚሞላ፣ ሰው ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት ቢጠጣ የጠጣው ያችኑ አንዲት ዋንጫ ነውና። ሐኪሜ ግን ይህን ስሌት የምትቀበል አይመስለኝም።

በመብል ማብዛት እኛ ብቻ እንወቀስ ማለቴ አይደለም። ባለፈው ሐሙስ የዚህ አገር ሰዎች የምስጋና ቀን ብለው ተርኪ በሚሉት ታላቅ ዶሮ ዙሪያ ተሰብስበው፣ ቆመው መሄድ እስኪያቅታቸው ሲበሉ ውለዋል፤ እኔም ከመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ቤት ተጠርቼ ሳለ ጾመ ነቢያት ጋረደኝና በድንችና በባቄላ ወጣሁ። በጥር ግን የገናው ጾም ተፈትቶ፣ ሁዳዴም ገና ሳይገባ፣ ሠርጉና ማኅበሩ በሚደራረብበት ወራት፣ ከገሃድ፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር የሚጋርደኝ የለም።

የኔታ፣ በልጅነቴ ትንቢተ ዳንኤልን ሲያስተምሩኝ፣ ነቢዩ ከሠለስቱ ደቂቅ ጋር በባቢሎን ምርኮ ሳለ የናቡከደነፆርን ማዕድ ትቶ ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ይሰጠን ብሎ እንደ ለመነ፣ ለ10 ቀንም ተፈትነው ከንጉሡ ማዕድ ከሚበሉት ይልቅ ፊታቸው አምሮ እንደ ተገኘ ነግረውኛል። በእኔ ላይ ግን ታሪኩ ተገልብጦ፣ በባቢሎን ምስርና ጎመን ስበላ ከርሜ፣ የንጉሡ ማዕድ የሚጠብቀኝ በኢየሩሳሌም ሆነ። የጃንደረቦቹ አለቃ ዳንኤልን የመለሰለት ቃልም ይታወስዎታል፤ ፊታችሁ ከስቶ ቢታይ ንጉሡ ይቈጣኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። የእናቴም ፍርሃት ይኸው ነው፤ ንጉሡ የሰፈሩ ሰው መሆኑ ብቻ ይለያል። ከውጭ የመጣ ሰው ከስቶ ከታየ የጥሊሊ ሕዝብ በአንድምታ ይተረጉመዋል፤ አንድም ሥራ አጥቶ ነው፣ አንድም ታሞ ነው፣ አንድም እናቱ የምታበላው አጥታ ነው ይላል። ስለዚህ በስልክ እንደ ሰማሁት፣ እናቴ ካለፈው መስከረም ጀምሮ አንድ ሙክት ለእኔ ብላ አስራ ትቀልባለች።

እኔ ሳስበው፣ መከራው ያለው በአገራችን መብል ላይ ሳይሆን በእንግድነት ላይ ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ሲባል እንሰማለን፤ እኔ ግን ከደረስሁባት ሰዓት ጀምሮ ብረት እንድሆን እለምናለሁ። ቤቱ ወርቅ ለሆነ ሰው ቅቤውን፣ ዶሮውን፣ ጠጁን ሲያቀርብ፣ ለልጁ የሚያቀርበው የገብስ ቆሎ፣ ጎመን፣ ሽሮና የጤፍ እንጀራ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሐኪሞች ለሕሙማን የሚያዝዙት ይህንኑ የሚመስል ነው። በገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል አሠር ስላለ፣ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፣ ኮሌስትሮልንም ይቀንሳል እያሉ፣ የእኛን የገብስ እህል በትናንሽ ከረጢት አድርገው የጤና ምግብ በሚል ማዕርግ ይሸጡልናል። እርስዎ በተማሪነት ዘመንዎ ዋሸራ ወርደው ቅኔ ሲቆጥሩ በቆሎ ተማሪ አኮፋዳ ይዘውት የዞሩት፣ እዚህ የሀብታም ቁርስ ሆኖ አገኘሁት።

ይሁን እንጂ ጾም ሁሉ ፈውስ ነው ብዬ አልከራከርም። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ሐሳቡ ሥጋን ለማድከም ነበር፤ እኛ ግን ሥጋውን ከገበታ አንሥተን በምትኩ እንጀራ በእንጀራ ላይ እየደረብን፣ ዘይቱንም እያበዛን፣ ሆዳችን ሳይጾም ዕለቱን ጾምን እንላለን። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እስከ 9 ሰዓት ያለ እህል ሲቆይ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ሐኪሙንም የነፍስ አባቱንም ሳያማክር መጾም እንደሌለበት ተነግሮኛል፤ እኔም ሁለቱን አማክሬ የተፈቀደልኝን ይዤ እመጣለሁ።

እንግዲህ በእናቴና በአክስቶቼ ዘንድ አማላጅ ሆነው የሚከተለውን እንዲያስፈጽሙልኝ እለምንዎታለሁ። አንደኛ፣ በጥምቀትና በጥር 23 ቀን የበዓሉን በረከት ከሰው እኩል ልቅመስ፤ በሌላው ዕለት ግን የቤቱ ሰው የሚበላውን ልብላ። ሁለተኛ፣ ጉርሻ ከአንድ ሰው አንድ ብቻ ይሁን፤ እርሱም ከጎመኑ ወገን ይጠቅለል። ሦስተኛ፣ ቡናዬ ስኳር አይግባበት። አራተኛ፣ ከምሳ በኋላ በእግሬ እንድሄድ ስለታዘዝሁ በየቀኑ እወጣለሁ፤ ነገር ግን የዘመድ ደጅ የሌለበትን መንገድ ይምረጡልኝ፤ በዘመድ ደጅ ካለፍሁ ሐኪሜ በእግር ጉዞ ይቀንሳል ያለችው ሁሉ በየቤቱ እጥፍ ሆኖ ይመለሳልና። አምስተኛ፣ ለመንገዴ ስንቅ ሽሮና በርበሬ ይበቃኛል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እያንዳንዱን ሻንጣዬን በ23 ኪሎ ስለሚወስነው እናቴ ከዚያ እንደማታልፍ አውቃለሁ፤ ተሳፋሪው ራሱ ግን ስለማይመዘን፣ በሻንጣው ያልገባውን በእኔ ውስጥ ልትልክ እንዳታስብ አደራ።

ለአክስቶቼና ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ጸሎትዎ አይለየኝ።

ታዛዥ ልጅዎና ደቀ መዝሙርዎ

ማሳሰቢያ፤ ደብዳቤውን ለእናቴ ሲያነቡላት ስኳር፣ ደዌና ምርመራ የሚሉትን ቃላት ዘለው፣ ልጅሽ ተሳለ ብቻ ይበሏት። ታሞ ነው የሚመጣው ሲባል ከሰማች፣ ያው የታመመ ሰው ማገገም አለበት በማለት ለሙክቱ ጓደኛ ትገዛለታለች።