የሳልባጅ መድኃኒትን ለመቆጣጠር የወጣ የውሾች አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ጆሮህ የተንጠለጠለ እንደሆነ ቀና አድርገህ ስማ!

እኛ በጎግና በአቦቦ ወረዳ በገመድ ላይ ያለን፣ በጋምቤላ ከተማ ደግሞ ከባሮ ድልድይ እስከ ገበያው ልቅ የምንዞር ውሾች፤

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጊኒ ወርም በሚባል ትል ሰበብ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ታስረን የምንውል በመሆኑ፤ ሰበቡ ሲነገረን ግን ጭራ የሚያስቆላ ባይሆንም የሚያስጮህ ሆኖ ባለማግኘታችን፤

በገመድ ያለ ውሻ ዓለሙ ገመዱ የሚደርስበት ብቻ በመሆኑ፤ ገመዱም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የጎረቤት ውሻ ከተጸዳዳበት ቦታ በመሆኑ፤

ለእከክ የምንወጋው፣ ለትል የምንውጠው መድኃኒት ከአንዱ ውሻ ወጥቶ ወደ ሌላው ሆድ ሲገባ ጠያቂ የሌለው በመሆኑ፤

«ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» የሚለው ተረት ከእርሻ እንጂ ሕግ ከማውጣት ያላገደን በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሳልባጅ መድኃኒት አዋጅ ቁጥር 4 እግር» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «የሳልባጅ መድኃኒት» ማለት አንድ ጊዜ በሌላ ሆድ ተለብሶ የወጣ መድኃኒት ነው። «ሰገራ» የሚለውን ቃል የተዋስነው ከሰው ነው። ሰዎች ለከብቱ እበት፣ ለፈረሱ ፋንድያ፣ ለፍየሉ በጠጥ፣ ለዶሮው ኩስ ብለው ደህና ደህና ስም ሲያወጡ፣ ለእኛ የተረፈችው ቃል አዋጅ ላይ የምትጻፍ አይደለችም። ባለቤቶቹ ቅሬታ ካላቸው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርቡ። ለወንድ ውሻ የተነገረው ሁሉ ለሴቷም ነው።

3. የቡቺና የጃክ ጉዳይ

ይህን አዋጅ ያስወጣው ጉዳይ እንዲህ ነው። ቡቺና ጃክ በአንድ ግቢ፣ በአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ በሁለት ገመድ ታስረው ይኖራሉ። ቡቺ እከክ ያዘው፤ የጆሮው ጫፍ ተመልጦ፣ ክርኑ ተሰነጣጥቆ፣ ሌሊቱን በሙሉ ሲያክ ቤተሰቡን እንቅልፍ ነሳ። ጌታው ለከብት ከሚወጋው የ1 በመቶ ኢቨርሜክቲን ጠርሙስ በስሪንጅ ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ የማትሞላ ጠብታ ስቦ ወጋው። በማግስቱ ቡቺ በገመዱ ዳርቻ ተጸዳዳ። የጃክም ገመድ እዚያው ዳርቻ ድረስ ይደርስ ነበር። ቀሪውን መተረክ ለአዋጁ ክብር አይስማማም፤ ጃክ አፉን ሲልስ እመቤቱ ደረሱበት፣ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ጮኹ።

የውሾች ሸንጎ ሒሳቡን ሠራ። በ1 በመቶው ጠርሙስ 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለ። ቡቺ 15 ኪሎ ነው፤ ለእከክ የተወጋው 4.5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ኢቨርሜክቲን ደግሞ በሽንት ብዙም አይወጣም፤ መውጫው በሰገራ ነው፣ ያውም በቀናት ተከፋፍሎ። በክብደት የቡቺ እኩያ የሆነው ጃክ ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ በላው እንበልና (አይችልም) በኪሎው 0.3 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ የሚንገዳገደው መጠኑ በኪሎ ከ2 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ጃክ ነፃ ተለቋል፤ ማለት ወደ ገመዱ ተመልሷል።

ቡችላ ግን ሌላ ነው። 2 ኪሎ የሆነች ቡችላ ያንኑ 4.5 ሚሊ ግራም ብትጠርገው ከወሰኑ ታልፋለች። ደግነቱ አንድ ክምር ሙሉውን መጠን አይይዝም። ቢሆንም ቡችላ እንዲህ ባለ ግብዣ ላይ እንዳትገኝ ተከልክሏል።

4. ስለ ፈረንጅ ውሾች

ኮሊ የሚባለው የበግ ጠባቂ ዘር በዚህ ጉዳይ ዕድለ ቢስ ነው። በአንጎል በር ላይ ቆሞ እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚመልስ ዘበኛ አለ፤ በብዙዎቹ ኮሊዎች ዘንድ ዘበኛው በውርስ የጠፋ ነው። ይህ የዘር ጉድለት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ለእንዲህ ያለው ውሻ በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም ራሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት የተሰጠው ፈረስ ፋንድያ በልተው የታመሙ ኮሊዎች አሉ። በጋምቤላ ኮሊ ቢፈለግም አይገኝ ይሆናል። ሆኖም ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭነው በሚመጡ ባለ ረጅም ፀጉር እንግዶች ምክንያት፣ ዘሩ ያልተረጋገጠ ውሻ እንደ ኮሊ ይቆጠራል። በሙቀቱም ይታዘንለታል።

5. ሳልባጅ ሁሉ አንድ አይደለም

ከትል መድኃኒቶቹ ፕራዚኳንቴል ጉበት ውስጥ ተፈጭቶ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል፤ ከሰገራ ለቃሚ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ፌንቤንዳዞል በተቃራኒው አንጀት ብዙም የማይመጠው መድኃኒት ስለሆነ ብዙው እንደገባ ይወጣል። ስለዚህ «ሌላኛው ውሻ መድኃኒት ወስዷል» ብሎ መጮህ ብቻ አይበቃም፤ የመድኃኒቱ ስም ይጠራ።

ሌላም ነገር አለ። የሌላውን ሰገራ የበላ ውሻ ከመድኃኒቱ ይልቅ መፍራት ያለበት በሰገራው ውስጥ ያለውን በሽታ ነው። ፓርቮ የሚባለው የውሻ በሽታ ለምሳሌ በዚሁ መንገድ ይመጣል፤ ያውም ያለ ስሪንጅ።

6. ስለ ጊኒ ወርም፣ ስማችንን ስለ ማጥራት

በእኛ ላይ ከሚነገረው ሁሉ አንዱ ስሕተት ነው፤ ጊኒ ወርም በሰገራ አይተላለፍም። ትሉ ከእግራችን ቆዳ ነው የሚወጣው፤ እግራችንን ኩሬ ውስጥ ስንነክር እጮቹን ይበትናል፣ ትንንሾቹ የውኃ ነፍሳት ይውጧቸዋል፣ ያን ውኃ የጠጣ ሁሉ ከዓመት ገደማ በኋላ እስከ 1 ሜትር የሚደርስ ክር ከሥጋው ይመዝዛል። ያልበሰለ ዓሣም ያስጠረጥራል። ለዚህ ትል ክትባትም የሚያድን ክኒንም የለም። መድኃኒቱ እኛን ማሰር ሆኗል።

ማሰሩ ከሌላው ጥረት ጋር ሆኖ አልሠራም አንልም። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይታመም ነበር፤ በ2024 የተመዘገበው 15 ነው። በ2020 በኢትዮጵያ 11 ሰዎች ተይዘው ነበር፤ በ2023 እና በ2024 አንድም ሰው አልተገኘም። ትሉን ለማጥፋት የዘመቱት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ትሉ ከእሳቸው በፊት እንዲሞት ይመኙ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሲያርፉ ትሉ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ለእሳቸው ሲባል ገመዱን ያለ ጩኸት ተሸክመናል። ዝንጀሮዎችም በጎግ ጫካ ይኸው ትል ተገኝቶባቸዋል፤ እነሱን የማሰር ሐሳብ ግን ገመድ የሚያስገባላቸው ሰው በመጥፋቱ ለሌላ ስብሰባ ተላልፏል።

7. የጌቶች ግዴታ

ይህ አንቀጽ ሲነበብ ጌቶች እንዲቆሙ ይጠየቃሉ።

ለወንዝ ዳር ዕውርነት የሚታደለው ኢቨርሜክቲን የሚለካው በቁመት ነው። በመለኪያ እንጨቱ ላይ 159 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ባለ 3 ሚሊ ግራሙን ክኒን 4 ፍሬ ይውጣል። በጋምቤላ ከዚያ የሚያንስ ጎልማሳ ፍለጋ ለእኛ አፍንጫም ይከብዳል። እንግዲህ 12 ሚሊ ግራም ዋጡ፤ እሱም 12 ቀን ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ በሰገራ ይወጣል። ወጥቶ የት ሄደ? ሽንት ቤት ያለው ሽንት ቤት አስገባው። የሌለው ቁጥቋጦ ሥር ተወው፤ ልቅ የሆነው ወንድማችንም ተከትሎ ሄደ። ስለዚህ «ውሻችን የማይረባ ነገር በላ» ተብሎ ለሚቀርብ ክስ፣ ያበላው ማን እንደሆነ ሳይጣራ ፍርድ አይሰጥም።

ጌታ መድኃኒት ለወጋው ውሻ ሰገራውን በየቀኑ አንስቶ ይቀብራል። ሁለት ገመድ በምንም ምክንያት አይገናኝም፤ ይህ በሕጉ ውስጥ ካሉት ሁሉ ርካሹ ነው፣ አንድ ካስማ ነቅሎ ሦስት እርምጃ ወዲያ መትከል ነው። የዓሣ አንጀትና ጥሬ ዓሣ አይጣልልንም፤ ቀቅላችሁ ስጡን።

8. የተሻረ ልማድ

«ውሻ ያገኘውን ይብላ» የሚለው ልማድ ከዛሬ ጀምሮ ተሽሯል።

9. አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በመንደሩ የመጨረሻው ውሻ ጮኾ ካስተላለፈው ሌሊት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ጌቶቻችን ሆይ፤ ውሻችሁ ለሃጩ ሲዝረበረብ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ግድግዳ ሲገጭ፣ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ሌላኛው ውሻ የተወጋው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ጠርሙሱን ይዛችሁ ንገሩ። ከእግሩ ክር የመሰለ ነገር ሲወጣ ካያችሁ ደግሞ ሳትጎትቱት ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሩጡ። እስከዚያው ግን ገመዱ አጭር ነውና የተጣራውን ውኃ ቀረብ አድርጉልን።